የቆጡን ስናወርድ የብብታችንን እንዳንጥል

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ የለም። ይህ ምክር ለኮምፒዩተር ቋንቋ ሊቃውንትም የሚበጅ መሆኑን በዚህች አጭር ጽሑፍ ላስረዳ እወዳለሁ።

የኮምፒዩተር ቋንቋ ማለት ሰው ለመሣሪያው ትእዛዝ የሚጽፍበት ቋንቋ ነው። ታዲያ ቋንቋው ሲሻሻል ቀድሞ የተጻፈበት ሥራ ሁሉ ሳይበላሽ መቀጠል አለበትን? ወይስ ለአዲሱ ሲባል አሮጌው ይፍረስ?

ፓይተን የተባለውን ቋንቋ እንመልከት። በፓይተን 2 «ሰላም» የሚለው ቃል እንደ ተራ ጽሑፍ ገብቶ ርዝመቱ ቢጠየቅ፥ መልሱ ብዙውን ጊዜ 9 ነበር። ይኸውም መሣሪያው ፊደላችንን ትቶ፥ እያንዳንዱ ፊደል የሚቀመጥባቸውን ሦስት ሦስት ባይቶች ይቈጥር ስለ ነበረ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ግን 3 ብሎ በትክክል ይመልሳል። ዳሩ ግን ይህ ለውጥ ብዙ አሮጌ ፕሮግራሞችን ሰበረ። ስለዚህ አሮጌውን ወደ አዲሱ የሚመልስ መሣሪያ ተሰጠ፤ ፓይተን 2ም እስከ 2020 መባቻ ድረስ እየተጠገነ ቈየ።

አንዳንዶች «ከቶ ባይነካ ይሻል ነበር» ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም። ባይነካ ኖሮ በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ስሕተቱን ሲወርስ ይኖር ነበርና።

መሠረቱ ደኅና ሲሆን ግን ማፍረስ አያስፈልግም። ለዚህም ምስክሩ ፊደላችን ነው። በ1999 ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደላት ቍጥር ሲሰጥ ሀ፥ ሐ እና ኀ ሳይደባለቁ ለየራሳቸው ቍጥር አገኙ። አንድ ጊዜ የተሰጠ ቍጥር ደግሞ እንዳይነሣና እንዳይለወጥ ደንብ አለ። በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያገለግሉ ፊደላት ሲጨመሩ አዲስ ስፍራ ተሰጣቸው እንጂ የቀደሙት አልተነኩም። ስለዚህ ከዚያ በፊት በዩኒኮድ የተጻፈው ሁሉ ዛሬም ይነበባል።

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሊማሊሞ የሚወርድ መኪና ነጂ፥ መንገዱ ሲጠገን ቢያገኘው «አትጠግኑ» አይልም፤ «ማለፊያ ተዉልኝ» ይላል እንጂ። ፍርዱም ይኸው ነው፤ ስሕተት ይታረም፥ ለጌጥ ተብሎ ግን የሰው ድካም አይፍረስ፤ ማፍረስ ግድ ሲሆንም ጊዜና መሸጋገሪያ ይሰጥ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ ነገ ቋንቋ አበጂዎች ስትሆኑ፥ በትናንቱ ሥራ የሚተዳደረውን ሰው አትርሱ።