የሲቹዋን ኑድል የሥራ ቀን እራት ነው

በቻይና ሲቹዋን ግዛት የሚታወቀውን ቅመማም ኑድል ለምግብ ቤት ብቻ የሚተዉ ሰዎች አመጣጡን የዘነጉ ይመስለኛል። ዝነኛው ዳንዳን ኑድል በትከሻ እንጨት ዕቃቸውን አንጠልጥለው የሚዞሩ ሻጮች ለቸኮለ መንገደኛ የሚያቀርቡት ምግብ ነበር። ቤት ውስጥም ቢሆን ረጅም ሥራ አይጠይቅም፤ ኑድሉ እስኪቀቀል ድረስ የአኩሪ አተር ሶስ፣ ጥቂት ኮምጣጤ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት እንዲሁም የጋለ ዘይት የፈሰሰባቸው ደቃቅ ሚጥሚጣና የሲቹዋን በርበሬ በሳህን ላይ ይዋሐዳሉ። ጥንቃቄ የሚሻው ዘይቱ ነው፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ቅመሙ አርሮ ይመራል። ጣዕሙ «ማቃጠል ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። የሚያቃጥለው ግን ሚጥሚጣው ነው፤ ከሎሚ ቤተሰብ የሆነው የሲቹዋን በርበሬ ምላስን ያደነዝዛል፣ መዓዛም ይሰጣል። እሱ ከቀረ ኑድሉ ሊጥም ይችላል፣ የሲቹዋን ግን አይሆንም። ማቃጠሉን የምትፈሩ ሚጥሚጣውን ቀንሱ፤ የሲቹዋኑን በርበሬ ግን አታስቀሩት።