ቡችላን ማሰር ዘበኛ አያደርገውም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ውሻ ነው። «ሌላ ጉዳይ አጣህ ወይ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን እኛ ኡኬ፣ ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ከደብተራቸው ጋር ዱላ የሚይዙት ለጌጥ አይደለም። ስለዚህ ጉዳዩ የውሻ ብቻ አይደለም።

አንድ የቆየ እምነት አለን። ውሻ ጎበዝ ዘበኛ እንዲሆን ከቡችላነቱ ይታሰር፤ ሰው አይየው፣ ልጅ አይንካው፣ እንግዳ አያጉርሰው። «ሰው የለመደ ውሻ ለሌባም ጭራውን ይቆላል» ይባላል። እኔም አምኜ አደረግኩት። ቦቢን ዓይኑን በገለጠ በሁለት ሳምንቱ ከእናቱ ነጥዬ አመጣሁትና ጓሮ፣ የበቆሎ ጎተራው ሥር አሰርኩት። አደገ፣ ጮኸ፣ ሰፈሩ ፈራው፣ እኔም ኮራሁ።

አንድ ከሰዓት ገመዱን በጠሰ። ኳስ ፍለጋ በአጥር ሾልኮ የገባውን የጎረቤቴን የሰባት ዓመት ልጅ ጭኑ ላይ ነከሰው። እናቱ ቁስሉን በሳሙና አጠበችው፣ ይዘነው ወደ ነቀምቴ በረርን፣ ክትባቱን ጀመረ። ቦቢ 10 ቀን ተጠበቀ። አልታመመም፣ አልሞተም። ማለትም እብድ አልነበረም፤ ጤነኛ ውሻ ነው ልጁን የነከሰው። ልጁ ድኗል። የሰፈራችን አንድ አዛውንት ግን «ይህን ውሻ ያሳበድከው አንተ ነህ» ያሉኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሌባውስ? ሌባው በሌላ ሌሊት መጥቶ ዶሮዎቼን ወስዶ ሄደ። ቦቢ ጮኋል። ግን ለንፋስም፣ ለድመትም፣ ለመንገደኛም የሚጮኽ ውሻ ሲጮኽ ማን ከአልጋው ይነሳል?

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። አሜሪካ ሜይን ግዛት ባር ሃርበር በሚባል ከተማ ባለ ቤተ ሙከራ ስኮትና ፉለር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አምስት የውሻ ዝርያዎችን ለዓመታት አሳድገው እ.ኤ.አ. በ1965 መጽሐፍ አሳትመዋል። ከአምስቱ አንዱ ቴሪየር ነው፤ ትንሽ፣ ግን ጠበኛ፤ ገና በቡችላነታቸው ተባብረው አንድ ወንድማቸው ላይ ስለሚነሱ መለየት ግድ ሆኗል። ስለዚህ ዘር ምንም አይደለም አልልም። እዚያው ቤተ ሙከራ የተሠራና በ1961 የታተመ ሌላ ሙከራ ግን ለእኛ ይበልጥ ይጠቅመናል። ቡችሎችን ሰው በማይደርስበት በታጠረ ሜዳ ከእናቶቻቸው ጋር አሳደጓቸው። የተወሰኑትን በተለያየ ዕድሜ እያወጡ ለአንድ ሳምንት ብቻ ከሰው ጋር አጫወቷቸው። ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የወጡት ሰውን ለመዱ። እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ሳይነካቸው የቆዩት ግን እንደ ዱር አውሬ ሆኑ፤ በኋላ ቢለፋባቸውም ሊላመዱ አልቻሉም።

አስቡት እንግዲህ። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ነው የውሻ ልብ ክፍት የሚሆነው። እኛ ቡችላውን የምናስረው ልክ በዚያ ጊዜ ነው። ያየነው ክፋት ጀግንነት ይመስለናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ፍርሃት ነው። የሚፈራ ውሻ ደግሞ ሌባን ከሕፃን አይለይም።

«ውሻ ምን አገባት እርሻ» የሚለው ተረት የወጣው የእኛን የበቆሎ ማሳ ባላየ ሰው መሆን አለበት። በቆሎው ሲያሽት ከርከሮውና ዝንጀሮው በመጣ ቁጥር ከማማው ላይ ከሚጮኸው ገበሬ ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው? ያ ውሻ ታስሮ ያደገ አይደለም። ከልጆች ጋር ሲላፋ፣ ከፍየልና ከጥጃ ጋር ሲተኛ ያደገ ነው። የራሱን ሰው ስለሚያውቅ ባዕዱን ይለያል። በስንት ብር የፈረንጅ ውሻ ከአዲስ አበባ ለሚያስመጡ ወዳጆቼም የምለው ይህንኑ ነው። የተገዛው ዘር ነው፤ ሦስቱን ወር ግን ማንም አይሸጥላችሁም።

አሁን ወደ አስቀያሚው ነገር። ሴት ቡችላ ስትወለድ ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። በጆንያ ከትተን ቦይ ውስጥ። «ትወልዳለች፣ ወንድ ውሻ ትሰበስባለች» እንላለን። የተረፉት ከልኳንዳ ቤት ጀርባ ያድጋሉ፣ በሁለት ወር እርግዝና እዚያው ይወልዳሉ፣ ቡችሎቻቸውም የሰው እጅ ሳያውቁ ያንን ጊዜ ያልፋሉ። ሰው ተፈናቅሎ ሲሄድም ውሻው እዚያው ባዶ ግቢ ይቀራል። ከዚያ ብዛታቸው ሲያስጨንቀን መርዝ የተቀባ ሥጋ ይበተናል። ለአንድ ሰሞን ጸጥ ይላል፤ የተገደሉትን ቦታና ትራፊ ግን በሚቀጥለው ዙር የተወለዱ፣ ያልተከተቡ ውሾች ይወርሱታል። ለእብድ ውሻ በሽታ ከዚህ የተሻለ ምቹ ሁኔታ የለም።

በሽታው ወደ ሰው የሚደርሰው ከመቶ 99 እጁ በውሻ በኩል ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ የባህል ሐኪሙም ሆስፒታሉም አያድኑም። የዓለም ጤና ድርጅት ከውሾች 70 በመቶው ከተከተበ ስርጭቱ እንደሚቆም ይናገራል፤ በዘመቻ ሲከተብም ከሦስት ወር በታች ያሉ ቡችሎች እንዲጨመሩ ይመክራል። «ገና ቡችላ ነው» ምክንያት አይሆንም ማለት ነው። የተነከሰ ካለ ደግሞ ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ቅጠል የሚቀባው ጊዜ ያባክናል፤ ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ ግን መርፌውን ተወግቶ።

ለወረዳው የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ለመርዝና ለሥጋ የሚወጣው ገንዘብ ለክትባት ይዋል። ነቀምቴ ላይ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ተማሪዎቹ በዓመት አንድ የገበያ ቀን ኡኬ፣ ሌላ ቀን አንገር ጉትን፣ ሌላ ቀን ጊዳ አያና ቢወጡ እነሱም እጃቸውን ያፍታታሉ። ግን ውሻችንን ይዘን መውጣት አለብን፤ ከማሰሪያው ሲፈታ ባለቤቱን የሚነክስ ውሻ ደግሞ ማንም ይዞ አይወጣም። ቦቢን ለማስከተብ ሦስት ጎልማሶችና አንድ ብርድ ልብስ ፈጅቶብናል።

ቦቢ አሁንም አለ። ለውጡ ትንሽ ነው፤ ከእኔ ሌላ ሰው አያስጠጋም፣ አጥሩን አጥብቄያለሁ። ባለፈው ወር ግን አንድ ወዳጄ ቤት ሊጥሏት የነበረች ሴት ቡችላ አገኘሁ። ስምንት ሳምንት እስኪሞላት ከእናቷ ጋር አስቆይቼ ወሰድኳት፤ ተከትባለች። ሌሎቹ ክትባቶች ስላልተሟሉላት መሬት አላወርዳትም። በእቅፌ ወፍጮ ቤት ወስጃታለሁ፣ ባጃጅ ተሳፍራለች፣ የአይሱዙ ጥሩምባ ሲያስደነግጣት ብብቴ ሥር ተደብቃ ቆይታ መልሳ ጭንቅላቷን አውጥታለች። ሙስሊሙ ጎረቤቴ ቤቱ አያስገባትም፤ ከደጃፉ ቆሞ ግን በስሟ ይጠራታል። የተነከሰው ልጅ መጀመሪያ ከሩቅ ነበር የሚያያት። ትናንት መጥቶ አንድ ጣቱን ጆሮዋ ላይ አሳረፈና ሮጠ።

ነገ ገበያ ይዣት እወጣለሁ። ካገኛችሁን ልጆቻችሁን አምጧቸው።