መድኑ መድኃኒት ይኑረው
ከካፋዋ ቢታ ገነት ወደ ቦንጋው ገብረፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ሪፈር የተጻፈለት ሰው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ሐኪሙ ሳይሆን ስለ ገንዘቡ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ይህን ጭንቀት ለማቅለል የመጣ ነው። ሕክምናን ለግል መድንና ለበጎ አድራጊ እንተው የሚሉ ወገኖች አሉ። የግል ኩባንያ ግን ትርፍ ወዳለበት ይሄዳል፤ ዋናው ገንዘቡ ቡና ሲለቀም ብቻ የሚገባለትን የካፋ ገበሬ ፍለጋ ቢታ ድረስ አይመጣም። የእድርተኛና የዘመድ መዋጮም የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበው በሽታው ከጠና በኋላ ነው፤ ወገን የሌለውንም አያገኘውም። በመድኑ ግን ጤነኛው ለታማሚው አስቀድሞ ይከፍላል፤ የድሃ ድሃውን መዋጮ ደግሞ መንግሥት ይሸፍናል። ስለዚህ የምደግፈው ይህንኑ መንገድ ነው። ነገር ግን የመድን ደብተሩን ይዞ የመጣ አባል «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ከተባለ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ በዓመቱ አባልነቱን ለማደስ ምን ምክንያት ይኖረዋል? ወረዳዎች መዋጮ ለመሰብሰብ የሚተጉትን ያህል የጤና ጣቢያውን መድኃኒት ቤት ለመሙላትም ይትጉ።