ለእንግዳ የሚቀርበው ሲኒ የማን ነው?

አንድ አገር ለእንግዳው የሚያቀርበው መጠጥ ስለ ራሱ የሚናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። እንግዳ የአገሩን ቋንቋ ሳይማር፣ ታሪኩንም ሳይጠይቅ፣ አስቀድሞ የሚቀምሰው ያንኑ ነውና። ስለዚህም ከከተማ ወደ ከተማ ሲጓዙ የየአገሩን ቡና እየቀመሱ አንዱን ከሌላው ማነጻጸር፣ አንዳንዶች እንደሚመስላቸው፣ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። አስተዋይ መንገደኛ በአንድ ሲኒ ውስጥ የአገሩን አፈር፣ የገበሬውን ድካም፣ የባለቤቱንም ኩራት ወይም ኀፍረት ሊያነብ ይችላል። እኛም ዛሬ የምንሟገተው ስለ አንድ ከተማ ሲኒ ነው፤ ከተማውም ወላይታ ሶዶ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ ሰው ሶዶን በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያገኛታል። ከአርባ ምንጭ፣ ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕናና ከዳውሮ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙባት ስለሆነች እንግዳ ተለይቷት አያውቅም። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተላት፤ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ደግሞ የክልሉ መንግሥት የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። በዚህ ምክንያት ለስብሰባ የሚመጣው ሹም፣ ለማስተማር የሚመጣው መምህር፣ ለመማር የሚመጣው ወጣት በረከተ፤ እንግዳ ሲበረክትም ቡና የሚሸጥበት ቤት መብዛቱ የማይቀር ነው። በዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች የቡና ማፍያ መኪና የተከሉ ቤቶች አሉ፤ በየጥጋጥጉም ረከቦት ዘርግተው በጀበና የሚያፈሉ እናቶችና እኅቶች አሉ። ይህ ሁሉ የላብ ፍሬ ስለሆነ የምንነቅፈው አይደለም።

የምንነቅፈው ምስጋናውን ነው። ከሶዶ የተመለሰ መንገደኛ ስለ ከተማይቱ ቡና ሲጠየቅ «ማኪያቶዋ ግሩም ነው፤ ከአዲስ አበባው አይለይም» ይላል። ባለቤቱም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ነገር ግን «አይለይም» መባል ምን ዓይነት ምስጋና ነው? ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ትቶት የሄደውን ያንኑ ሲኒ የጠጣ ሰው መንገዱን በከንቱ ሄደ እንጂ ምን አተረፈ? ጣሊያናዊው ማኪያቶ ስሙን ሳይለውጥ በኩራት ሶዶ ሲገባ፣ የወላይታ የራሱ መጠጥ በገዛ አገሩ አደባባይ በስሙ የሚጠራው አጥቶ በጓሮ በር መቅረቱ ሊያስቈጨን ይገባል።

ያም መጠጥ ሃይታ ቱኬ ነው። በወላይትኛ ቱኬ ማለት ቡና፣ ሃይታ ማለትም ቅጠል ነው። በወላይታ ገጠር ቡናው ከእንሰቱ ጋር በአንድ ጓሮ ያድጋል። ከዚያው ከጓሮው ቅጠሉ ይቀነጠስና ታጥቦ ይወቀጣል፤ እንደየቤቱ ልማድ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳምና ሌላም ቅመም ይገባበታል፤ ጨው ተጨምሮ በሸክላ ይፈላል። ከተቀቀለ ስኳር ድንች ወይም ከጎደሬ ጋር ሲጠጡት ጉሮሮን ያሞቃል፤ ብርድንም ያባርራል። ጎረቤት ተጠራርቶ የሚሰበሰበው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ የነገው ሥራ የሚመከረው በዚህ መጠጥ ዙሪያ ነው። «የቡና ስባቱ መፋጀቱ» የሚለው የአበው ተረት ለዚህ መጠጥ የተነገረ እስኪመስል ድረስ በእሳቱም በቅመሙም የሚፋጅ ነው።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ነገር እያለ በየቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የዋጋ ዝርዝር ውስጥ እንግዳው ፈልጎ የሚያገኘው ማኪያቶውን፣ ካፑችኖውን፣ ሻዩን ነው። ነገሩ የበለጠ የሚያስደንቀው የወላይታን ቁርጥ ሥጋና የወላይታን ዳጣ ስናስብ ነው። ወላይታ የሄደ እንግዳ ቁርጥ በዳጣ ሳይበላ ቢመለስ ወዳጆቹ ይስቁበታል። ዳጣው ከወላይታ ወጥቶ አዲስ አበባ ሲገባ እንኳ የወላይታ ዳጣ ተብሎ በአገሩ ስም ይሸጣል፤ ስሙን የለወጠ ወይም ያፈረበት ሰው የለም። ታዲያ ሥጋውና ዳጣው በስማቸው ሲከበሩ፣ ከዚያው ጓሮ የበቀለው ቅጠል ለምን ተደበቀ?

ለዚህ ጥያቄ ሦስት ዓይነት መልስ ሰምተናል። ሦስቱንም በየተራ እንመርምራቸው።

የመጀመሪያዎቹ «ቅጠል የድኻ መጠጥ ነው፤ ፍሬውን መግዛት ያልቻለ የሚያፈላው ነውና ለክቡር እንግዳ ማቅረብ ነውር ነው» ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ ጥቂት እውነት አለ፤ ገበሬው ፍሬውን ሸጦ ለልጆቹ ልብስና ለመንግሥት ግብር ሲያደርግ ቅጠሉን ለራሱ ማስቀረቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ነውሩ የማን ነው? ፍሬውን ለዓለም አብልቶ በቀረው ቅጠል ጥዑም መጠጥ የፈጠረ ብልኀተኛ ሊመሰገን ይገባዋል እንጂ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ዓለምንም ብንመለከት ነገሩ እንዲሁ ነው። በኢንዶኔዥያ፣ በምዕራብ ሱማትራ የሚኖሩት ሚናንግካባው የተባሉት ሕዝብ በ19ኛው መቶ ዓመት በሆላንድ ቅኝ ገዥዎች ትእዛዝ ቡና እያመረቱ ፍሬውን ለመንግሥት መጋዘን እንዲያስረክቡ ይገደዱ ነበር፤ ለራሳቸውም ቅጠሉን ያፈሉ ነበር። ዛሬ ግን ያው የቅጠል መጠጥ ካዋ ዳውን በሚለው በራሱ ስም በመንገድ ዳር ቤቶች በኮኮናት ቅርፊት ይቀርባል፤ መንገደኛም መኪናውን አቁሞ ይጠጣዋል። የግፍ ዘመን መጠጥ የአገር ኩራት ሆነ ማለት ነው። በአገራችንም ሐረሮች የቅጠሉን መጠጥ ቁጢ ብለው ከነስሙ ጠብቀውታል። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. የቡና ቅጠል ተፈልቶ የሚዘጋጀውን መጠጥ በገበያው እንዲሸጥ ሲፈቅድ፣ ከሌሎች አገሮች የመጣ የባህል ምግብ ብሎ መዝግቦታል። ባሕር ማዶ በሕግ የተፈቀደው መጠጥ በሶዶ አደባባይ ሊታፈርበት ነውን? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ይህን ለመሰለው ነው።

ሁለተኞቹ «ባህልማ አልተዘነጋም፤ በየሆቴሉ መግቢያ ላይ ቄጠማ ጐዝጕዘን፣ ዕጣን አጢሰን፣ ፈንዲሻ በትነን ባህላዊ ቡና እናፈላለን» ይላሉ። ይህም መልካም ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ መጠጣት የብዙ ኢትዮጵያውያን ልማድ ነውና የሚጠላው የለም። ዳሩ ግን ያው ቄጠማ፣ ያው ጥልፍ ቀሚስ፣ ያው ረከቦት በባሕር ዳርም፣ በሐዋሳም፣ በአዲስ አበባም ቆሞ ሲታይ፣ አንድን ልብስ ለሁሉ ቁመት እንደ መስፋት ይሆናል። ባህል ማለት ከአንድ ሱቅ ተገዝቶ በየከተማው የሚተከል ጌጥ አይደለም። ወላይታ ውስጥ ባህላዊ ቡና ተብሎ ሲጻፍ የወላይታ እናት በቤቷ የምታፈላው ካልገባበት፣ ጽሑፉ እንግዳውንም ባለቤቱንም ያሳስታል። ወጣቱም ባህል ማለት ሌላ ቦታ ያለ ነገር፣ እናቱ የምታደርገው ግን ተራ ኑሮ ብቻ እየመሰለው ያድጋል። ከጥፋቱ ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው።

ሦስተኞቹ ስለ እርሻ የሚያስቡ ሰዎች ናቸው፤ ክርክራቸውም ከሁሉ የሚከበር ነው። «ቅጠል ሲቀነጠስ ዛፉ ይደክማል፤ ፍሬውም ይቀንሳል፤ ቡና ቤቶች ሁሉ ቅጠል ቢፈልጉ የገበሬው ጓሮ ይራቆታል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ያለ ልክ የሚቀነጥስ ሰው ዛፉን ይጎዳል። ነገር ግን ያረጀ ቡና እንዲጐነደል፣ የበዛ ቅርንጫፍም እንዲገረዝ ገበሬውን የሚመክሩት የእርሻ ባለሞያዎች ራሳቸው ናቸው። በግረዛና በጉንደላ ጊዜ የሚወድቀው ቅጠል ብዙ ነው፤ እርሱ ተሰብስቦ፣ በጥላ ደርቆ ለከተማው ቢሸጥ ዛፉ አይጎዳም፤ ገበሬውም ከሚጥለው ነገር ገንዘብ ያገኛል። ስለዚህ ይህ ክርክር ቅጠሉ እንዴት መሰብሰብ እንዳለበት ያስተምረናል እንጂ መጠጡን እንድንደብቅ አያስገድደንም።

የቅጠሉ ነገር ከፍሬው ነገር የሚለይ እንዳይመስል ደግሞ ስለ ፍሬው ጥቂት እንበል። የወላይታ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የምደባ ሰንጠረዥ ውስጥ ከከምባታ ጠምባሮ ቡና ጋር ተደምሮ በሲዳማ ስም ሥር ሲመደብ ቆይቷል። የሲዳማ ቡና በጥረቱ ስመ ጥር የሆነ ክቡር ጎረቤት ስለሆነ በስሙ ላይ ቅሬታ የለንም። ነገር ግን ከዳሞታ ግርጌ የተለቀመ ቡና በጎረቤት ስም ሲወጣ፣ ጠጪው ወላይታ የሚባል የቡና አገር መኖሩን በምን ያውቃል? ስም ዋጋ እንዳለው አገራችን በሚገባ ተምራለች። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በባዕድ አገር የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትከራከር፣ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የነበራት ሙግት በ1999 ዓ.ም. በስምምነት የተፈጸመው ስም ገንዘብ መሆኑ ስለታወቀ ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና የጥራት ቁጥጥር አዋጅም ቡና መነሻው ሳይጠፋ ወደ ገዢ የሚደርስበትን መንገድ አስፍቷል። መንገዱ ከተከፈተ የሚሄድበት ሰው ያስፈልጋል፤ ከሩቅ ገበያ አስቀድሞም ጉዞው የሚጀመረው ከሶዶ ቡና ቤት ነው። በገዛ ከተማው ስሙ ያልተጻፈ ቡና በሃምቡርግ ወይም በቶኪዮ በስሙ ይጠራል ብሎ ተስፋ ማድረግ ሞኝነት ነው።

ስም ካልጠበቁት የሚሸሽ ነገር መሆኑን ከገዛ ቋንቋችን መረዳት እንችላለን። በአማርኛ ቡና ቤት የሚለው ስም ለብዙ ዘመን የኖረው ቢራና አረቄ ለሚሸጥበት ቤት ነው፤ ቡና መጠጣት የፈለገ ሰው ሌላ ስም መፈለግ ግድ ሆነበትና ካፌ ማለት ለመደ። ቡና የራሱን ቤት ስም እንኳ ለሌላ አስረክቦ ኖረ ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ሃይታ ቱኬን የማያውቅ የከተማ ልጅ ካደገ፣ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠፋው ሞያው ነው፤ የትኛው ቅጠል እንደሚቀነጠስ፣ ቅመሙም በምን መጠን እንደሚገባ የሚያውቁት እናቶች ናቸውና፣ ሳይጠየቁ ካለፉ ዕውቀቱም አብሯቸው ያልፋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የሶዶ ባለ ቡና ቤቶች ማኪያቶውን ሳይተዉ በዋጋ ዝርዝራቸው ላይ ሃይታ ቱኬን በስሙ ይጻፉ፤ የሚቈሉት ፍሬ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣም ለጠጪው ይንገሩ። መሥሪያ ቤቶች በየስብሰባው የሻይ ዕረፍት ላይ ለመጡት እንግዶች ይህን መጠጥ ያቅርቡ፤ ሹሙ በአደባባይ የጠጣውን ሌላው ሊያፍርበት አይችልምና። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ እናቶቻቸውና ወደ አያቶቻቸው ልከው የየቤቱን የቅመም ልማድ ያስጽፉ፤ በዩኒቨርሲቲው ያሉት ወጣቶችም የቅጠሉን አሰባሰብ፣ አደራረቅና አቈያየት ቢመረምሩ ለገበሬው የሚጠቅም ሥራ ይሆናል። መንገደኛው ደግሞ አንድ ቀላል ግዴታ አለበት፤ እርሱም መጠየቅ ነው። የሚጠይቅ እንግዳ ካለ የሚያቀርብ ባለቤት አይጠፋም።

ይህን ስንል ወላይታ በሩን ዘግቶ የራሱን ብቻ ይጠጣ ማለታችን አይደለም። ማኪያቶው ይፈላ፤ ጀበናውም ይጣድ፤ እንግዳም እንደ ፍላጎቱ ይጠጣ። ነገር ግን ከሦስቱ ሲኒ አንዱ የቤቱ ባለቤት ሆኖ ሳለ ከጠረጴዛው መራቁ ቅን ፍርድ አይደለም። ከእንግዲህ ከሶዶ የሚመለስ መንገደኛ ስለ ቡናው ሲጠየቅ «ከአዲስ አበባው አይለይም» የሚለውን ትቶ «ይህንስ ሌላ ቦታ አልቀመስሁትም» ቢል፣ ለወላይታ ገበሬም ለከተማይቱም ተገቢው ምስጋና እርሱ ነው።