ስለ ጓሳ ማን ይጠየቅ?

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት በደረሰ ቁጥር የምናስተውለው አንድ ነገር አለ። ተማሪው ምን ማወቅ እንደሚፈልግ ሳይለይ መጠይቁን አባዝቶ ይጨርሳል። እኛ የሳይንስ ፋኩልቲ ሰዎች በቁጥር ተኮትኩተን ስላደግን፣ ዓይነታዊ ምርምር ማለት ከመጠይቁ ግርጌ “ለምን?” የሚል ባዶ መስመር መጨመር ይመስለናል። የዚህ ዓይነቱ ጥናት ንድፍ ግን በአብዛኛው የሚቃናውም የሚበላሸውም “ማንን እንጠይቅ?” በሚለው ላይ ነው።

ለአብነት ወደ መንዝ እንሂድ። ከመሐል ሜዳ ብዙም የማይርቀው የጓሳ ሜዳ ለብዙ ዘመናት በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ለተከታታይ ዓመታት ይከለከላል፤ ሲደርስ ይከፈታል። ጠባቂዎቹን የሚያዘው ባላገሩ የመረጠው አባ ቄራ ነበር። ይሁን እንጂ የመጠቀም መብት የነበረው ትውልዱ ከአስቦ ወይም ከጌራ ለሚቆጠር ሰው ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ቀድሞ ድርሻ ያልነበራቸውም ወደ ሜዳው ገቡ።

እንግዲህ አንድ ተማሪ “የቀድሞው ጥበቃ እንዴት ነበር?” ብሎ ቢነሣና አሥር የተከበሩ ሽማግሌዎች ቢያነጋግር፣ አሥሩም “መልካም ነበር” ሊሉት ይችላሉ። ሽማግሌዎቹ ዋሹ ማለታችን አይደለም። አሥሩም ባለርስት ከነበሩ ግን የሰማነው ከአንድ በር የወጣ ድምፅ ነው። አያቱ ድርሻ ያልነበረው ገበሬስ? ማገዶ ለቀማ የምትወጣው ሴትስ? በቁጥር ጥናት ናሙናውን ለዕጣ እንተዋለን፤ እዚህ ግን ልዩነቱ ያለበትን ቦታ አስቀድመን አውቀን፣ ሰዎቹን ሆን ብለን መምረጥ ይገባናል።

አንድ ጊዜ ጠይቆ መመለስም አይበቃም። በመንዝ ጥናት ያካሄደው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ላሳተመው መጽሐፍ “ሰምና ወርቅ” የሚል ስያሜ የሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ለእንግዳ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ብዙውን ጊዜ ሰሙ ነው። ስለዚህ ዳግም የመመለሻ ቀን ከጅምሩ በዕቅዱ ውስጥ ይያዝ። (የመኪና ኪራዩን ማን ይከፍላል የሚለው ሌላ ጣጣ ነው።)

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን የተጠያቂዎች ደኅንነት ነው። ስም መቀየር ብቻውን ሰውን አይሰውርም። “የዚህ አጥቢያ የቀድሞ አባ ቄራ” ብለን ከጻፍን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። በክልከላ ወቅት እንጨት እንደቆረጠች ያጫወተችን ሴት፣ የወጣችበት መንገድና የልጆቿ ቁጥር በጽሑፋችን ከሰፈረ፣ ያመነችን ለቅጣት ሊሆን ይችላል። ከማስታወሻችን የትኛው መስመር እንደሚቀር ወደ ቤቷ ሳንገባ መወሰን አለብን።