ጦርነት ያደረጉት ጨዋታ

እ.ኤ.አ. በ2011 የብሪታንያው አይቲቪ ቴሌቪዥን በአንድ ዘጋቢ ፊልሙ ላይ አይአርኤ ከጋዳፊ ባገኘው መሣሪያ በ1988 ሄሊኮፕተር ሲጥል የሚያሳይ ነው ያለውን ምስል አቀረበ። ምስሉ የተወሰደው «አርማ 2» ከሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ ነበር። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም በቀጣዩ ዓመት ጣቢያው ተመልካቹን አሳስቷል ሲል በየነ።

በ2017 የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር አሜሪካ ከአይኤስ ጋር ለመተባበሯ የማያሻማ ማስረጃ ነው ብሎ ካወጣቸው ምስሎች አንዱ የሞባይል ጌም ሆኖ ተገኘ። በ2022 ደግሞ «የኪየቭ መንፈስ» የተባለው አብራሪ የሩሲያን ጀት ሲጥል ያሳያል ተብሎ የተሰራጨው ቪዲዮ «ዲሲኤስ» ከተባለ የበረራ ጨዋታ የተቀዳ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የዩክሬን አየር ኃይል ራሱ ጀግናው አፈ ታሪክ መሆኑን አመነ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲጋለጥ ሁሌም ጣት የሚቀሰረው በጨዋታው ላይ ነው። «እውነት ይመስላላ!» ይባላል። ይህ ሰበብ ነው። የ«አርማ 3» አምራች የሆነው የቼክ ኩባንያ ቦሄሚያ ኢንተራክቲቭ በኅዳር 2022 ሐሰተኛው ቪዲዮ እንዴት እንደሚለይ በዝርዝር አስታውቋል፦ ጥራቱ የወረደ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ብዙ ጊዜ በጨለማ የተቀረጸ፣ ድምፅ የሌለው፣ የሚንቀሳቀስ ሰው የማይታይበት።

ይህን ዝርዝር ደግሞ ማንበብ ነው። ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ጀምሮ ቴሌቪዥኖች ጦርነት ብለው ያሳዩት ይህንኑ አይደለም እንዴ? የዒላማ መስቀል፣ ብልጭታ፣ ጭስ፣ ከዚያ ወደ ስቱዲዮ። ሬሳ የለም፣ ለቅሶ የለም። ተመልካቹን በዚህ ያለማመደው ዜናው ነው።

ጨዋታዎቹ ንጹሕ ናቸው ማለት አይደለም። የአሜሪካ ጦር ከ2002 እስከ 2022 ወጣቶችን ለመሳብ የራሱን ጌም በነፃ ሲያድል ነበር። ነገር ግን አርማን የሚጫወት ወጣት ካርታ ያነባል፣ ከጓዶቹ ጋር በሬዲዮ ይነጋገራል፣ በአንዲት ጥይት ይወድቃል፤ የሚወደውም ይህንን ጥንቃቄ ነው። ጨዋታ መሆኑንም አይስትም። የሳተው ለማጣራት ደመወዝ የሚከፈለው አርታኢ ነው።

ዕዳውን የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው። ቤቷ በቦምብ የፈረሰባት እናት ቪዲዮ ሲወጣ ገዳዩ «ይሄም ጌም ነው» ለማለት በር ተከፍቶለታል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ቪዲዮ ግን እስኪነጋ አይጠብቅም። ስለዚህ ማን፣ የት፣ መቼ ቀረጸው ብሎ ሳይጠይቅ ምስል ያወጣ ጣቢያ ማስተካከያውን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ርዝመት ያሳይ። ሼር ለማድረግ የሚቸኩለውም ድምፅ የሌለው፣ ሰው የሌለበት ጦርነት ሲያይ ጣቱን ይሰብስብ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።