የጎረቤት ድርሻ

ይድረስ በየዓመቱ በፊቼ ጨምበላላ ለሚታሰቡት የሲዳማ እናት፤

እኔ የሲዳማ ተወላጅ አይደለሁም፤ ሐዋሳ ያኖረችኝ ጎረቤት ነኝ። ልጽፍልዎ የደፈርኩትም በጉርብትናዬ ነው። ሽማግሌዎች ሲያወጉ እንደሰማነው፣ ከተዳሩ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ከእንሰት ቡርሳሜ ሠርተው፣ ወላጆችዎንና ዘመዶችዎን ሊጠይቁ ይመጡ ነበር። ይዘው የመጡትን ቤተሰቡ በሩን ዘግቶ ብቻውን አልበላውም። ጎረቤት ተጠርቶ ተቋደሰ። ያለብኝ ውለታ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

በአገራችን ስለ ቅርስ ሲነሳ ሐሳባችን ቶሎ ወደ ድንጋይ ይሄዳል፦ ወደ አክሱም ሐውልት፣ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ጎንደር ግንብ። ተገቢ ነው፤ ያኮራል። እርስዎ ግን ሐውልት አላቆሙም፣ በስምዎ የተጠራ ግንብም የለም። ከባል ቤት ወደ እናት አባት ቤት ተመላለሱ፣ ባዶ እጅዎን አልሄዱም፤ በቃ ይኸው ነው። እርስዎ ሲያልፉ ልማዱን ሌሎች ተቀበሉት፣ ልጆቻቸውም ከእነሱ ተቀበሉት፤ እያደረ የአንድ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ሆነ።

ቡርሳሜ ሲሠራ በቅርብ ያየ ሰው ድካምዎ ይገባዋል። እንሰት ዛሬ ተተክሎ ከርሞ አይደርስም፤ ዓመታት ይጠበቃል። ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ በገዛ ቅጠሉ ተሸፍኖ ይብላላል። ከዚያ ቆጮው ይጨመቃል፣ ቃጫው ይለቀማል፣ ይነፋል፤ እሳት ላይ በስሎ ነው በቅቤ የሚለወሰው። ይህ ሁሉ የሴት እጅ ሥራ ነው። በዚህች ከተማ ማንንም ሳላውቅ በፊቼ ማታ መጀመሪያ የጠራችኝ በአጥር የምንዋሰን እናት ነበረች። ቡርሳሜው በሰፊው የሸክላ ሻፌታ ላይ ቀርቧል፤ ቅቤው ወደ ጠርዙ ይወርዳል፣ ወተቱ ከጎን ተቀምጧል። ሥጋ አልነበረም፤ ለፊቼ ከብት አይታረድም። ትልቁም ትንሹም እጁን ወደዚያው ወደ አንዱ ገበታ ሲሰድ፣ ማን መሆኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ብላ ብቻ ተባልኩ።

በማግስቱ፣ በጨምበላላ፣ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» ይላሉ። አዋቂው «ኢሌ ኢሌ» ብሎ ይመልስላቸዋል፤ ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ ማለት ነው። ቡርሳሜ ያበላቸዋል፣ ቅቤም ይቀባቸዋል። ከብቱም በዚያ ቀን ከለመለመው ሣር ይሰማራል።

ከዚያ ወደ ጉዱማሌ አደባባይ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጎሳ በጎሳ ሆኖ፣ ቄጣላውን እያዜመ የሚገባውን ሰው እዩልኝ ማለት ያምረኛል። አባቶች እዚያ ተቀምጠው ይመክራሉ፦ ሥራን አትናቁ፣ ታላላቆቻችሁን አክብሩ፣ ጡሩም፤ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ አትስረቁ፣ በሐሰት አትመስክሩ። አንዲት ልጅ ወላጆቿን ብትናፍቅ መዘዙ እስከዚህ ድረስ መልካም ይሆናል ብሎ ማን ይገምታል?

አያንቱዎችንም አብሬ ላመስግን። ድኮ፣ ደላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ ብለው አራት ቀን በሚቆጥሩት ሳምንት፣ ኮከብና ጨረቃ አይተው የበዓሉን ቀን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። ይህ እውቀት ከአባት ወደ ልጅ በቃል ባይወርድ ኖሮ፣ ቡርሳሜው ቢሰናዳም ቀኑ ይጠፋን ነበር።

በኅዳር 2008 ዓ.ም ናሚቢያ፣ ዊንድሆክ ላይ የተሰበሰበው የዩኔስኮ ኮሚቴ በዓልዎን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ከኢትዮጵያ ከመስቀል ቀጥሎ ሁለተኛው ነበር። ደስ ብሎናል። ሆኖም ስጋቴን አልደብቅዎትም፦ መድረኩና ድምፅ ማጉያው በገነነ ቁጥር፣ በየቤቱ ያለው ሻፌታ እንዳይረሳ እፈራለሁ። ጉዱማሌ የሚደምቀው ሰው ከየቤቱ በልቶ፣ ታርቆ፣ ወላጁን ጠይቆ ሲመጣ ነው። ያ ከቀረ የሚተርፈን ትርዒት ብቻ ነው፤ እርስዎም ያንን አላወረሱንም።

እናታችን፣ ድካምዎን እግዚአብሔር ይቁጠርልዎ። ይህን ለምታነቡ የከተማዬ ሰዎች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፦ ለመጪው ፊቼ ቅቤ ቢወደድም፣ ቡርሳሜው ቢያንስም፣ የጎረቤትን ድርሻ አታስቀሩ። በግቢያችሁ አዲስ የገባ፣ ማንንም የማያውቅ ተከራይ ካለ ከሁሉ አስቀድማችሁ እሱን ጥሩ።